ይውረድ ወይስ ይቆይ? ስለ ሬፒን «አስፈሪው ኢቫንና ልጁ» የተደረገ ክርክር

ጥያቄ አቅራቢ፦ ወገኖች፣ ዛሬ ለክርክር ያቀረብሁት በሞስኮው ትሬትያኮቭ የሥዕል ሙዚየም የሚገኘውን የሩስያዊውን ሠዓሊ የኢልያ ሬፒንን ሥራ ነው። በ1885 ተጠናቀቀ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ርእሱ «አስፈሪው ኢቫንና ልጁ ኢቫን፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1581» ይላል። የሩስያው ንጉሥ ኢቫን አልጋ ወራሽ ልጁን በበትር ከመታ በኋላ አቅፎት፣ ከጆሮ ግንዱ የሚፈስሰውን ደም በመዳፉ ሊገታ ሲታገል ያሳያል። በ2013 አንዳንድ ኦርቶዶክሳውያን ሥዕሉ የንጉሡን ስም ያጠፋል፣ ከሕዝብ ዓይን ይነሣ ብለው ለባህል ሚኒስትሩ ጻፉ፤ ሙዚየሙ አልተቀበለም። በ2018 ደግሞ አንድ ጎብኚ የአጥሩን ብረት አንሥቶ መስታወቱን ሰበረ፣ ሸራውንም በሦስት ቦታ ቀደደው። ያልተረጋገጠን ግድያ እንደተፈጸመ የሚያሳይ ሥዕል በሕዝብ ሙዚየም ሊሰቀል ይገባል?

የታሪክ መምህር፦ አይገባም ባይ ነኝ፤ ብረት ያነሣውን ሰው ግን አልደግፍም። ማስረጃውን እንመርምር። የበትሩን ነገር በሰፊው የጻፈው የሮም ፓፓ መልእክተኛ አንቶኒዮ ፖሴቪኖ ነው። ሞስኮ የገባው ልጁ ከሞተ ከወራት በኋላ ስለሆነ ያየውን ሳይሆን የሰማውን ነው የጻፈው። ንጉሡ በዚያው ሰሞን በጻፈው ደብዳቤ ልጁ መታመሙን እንጂ መመታቱን አይናገርም። በ1963 በክሬምሊን የመላእክት አለቃ ካቴድራል የአባትና የልጁ መቃብር ተከፈተ። የልጁ የራስ ቅል ፈራርሶ ስለነበር ስለ ምቱ አዎ ወይም አይደለም ማለት አልተቻለም፤ በዐፅሙ ግን መርዛማው ሜርኩሪ በብዛት ተገኘ። በዚህ ማስረጃ የትኛው ዳኛ ሰውን ነፍሰ ገዳይ ይላል? ሬፒን ግን ፈረደ። ዛሬ ተማሪ ሁሉ «ልጁን የገደለው ንጉሥ» የሚለው ሰነድ አንብቦ አይደለም፤ ይህን ሥዕል አይቶ ነው።

ተርጓሚ፦ አንድ ነገር ልጨምር። «ግሮዝኒ» የሚለውን የሩስያ ቃል «አስፈሪው» ብለን ስንመልሰው ግማሹ ይቀራል። ቃሉ ግርማን ጭምር ይዟል፤ «ግርማው የሚያስፈራ» ብንለው ይቀርባል። ይህን ቅጽል የሰማ ሩሲያዊ እኛ እንደምናስበው ጨካኝን ብቻ አያስብም።

ሠዓሊ፦ መምህር፣ በሰነዱ ጉዳይ አልከራከርዎትም፤ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ግን እባክዎን ሥዕሉን ራሱን ይዩት። ቀዩ ምንጣፍ ተኮማትሯል፣ ወንበሩ ተገልብጧል፣ በትሩ ወድቋል። ክፍሉ ጨልሞ ብርሃኑ ሁለቱ ፊቶች ላይ ተሰብስቧል። የአባትየው ዓይኖች ሊወጡ ደርሰዋል፤ አንድ እጁ የልጁን ወገብ ይዟል፣ ሌላው ደሙን ያፍናል። ልጁስ? በጉንጩ ላይ እንባ አለ፣ ፊቱ ላይ ግን ቂም የለም። ይህ ክስ ነው? እኔ ከዚህ የበለጠ ለአንድ ንጉሥ ያዘነ ሥዕል አላውቅም! የጠላው ሠዓሊ በትሩን ከፍ አድርጎ በያዘበት ቅጽበት ይሥለው ነበር። ሬፒን የመረጠው በትሩ ከወደቀ በኋላ ያለውን፣ ሰውየው ያደረገውን ያወቀበትን ቅጽበት ነው።

ደግሞ ስለ 1581 ብቻ አልሣለም። በ1881 የሩስያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሁለተኛ በቦምብ ተገደለ፤ ገዳዮቹ ተሰቀሉ። ደም ደምን እየጠራ ባለበት አገር ተቀምጦ ነው ብሩሹን ያነሣው። ይህን ቀድሞ የተረዳው ቤተ መንግሥቱ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ሲኖዶስ በመንግሥት ስም የሚመራው ፖቤዶኖስትሴቭ ሥዕሉን አጥብቆ ተቃወመ፣ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሦስተኛም እንዳይታይ አገደ። የገዛው ትሬትያኮቭ ለጥቂት ወራት ደብቆ ለማቆየት ተገደደ። እንግዲህ «ይውረድ» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ መጀመሪያ የጠየቀው ግን የታሪክ ተቆርቋሪ ሳይሆን ሥልጣን ነው።

ሞስኮ የተማሩ ሐኪም፦ በ1970ዎቹ ሕክምና ስማር እሑድ እሑድ እዚያ እሄድ ነበር። ከዚህ ሥዕል ፊት ብዙ መቆም አልቻልሁም። የእኔ ጥያቄ «እውነት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው አይደለም፤ «ተመልካቹን ምን ያደርገዋል?» የሚለው ነው። በ1913 ባላሾቭ የተባለ የቅዱሳን ሥዕል ሠዓሊ ፊቶቹን በቢላዋ ሦስት ጊዜ ሰነጠቃቸው። የሙዚየሙ ጠባቂ ኽሩስሎቭ ይህን ጊዜ ራሱን ባቡር ሥር ጣለ። ባለቅኔው ቮሎሺን ሬፒን ራሱ በተቀመጠበት ጉባኤ ላይ ጥፋቱ የሥዕሉ ነው፣ የዕድሜ ገደብ ወዳለበት የሰም ምስሎች ማሳያ ይወሰድ ብሎ ተከራከረ። ጭካኔ ያለበት ንግግር ነው፤ ግን ውስጡ እውነት የለም? እኔ ይውረድ አልልም። ለብቻው ክፍል ይሰጠው፣ መግባት የፈለገ አውቆ ይግባ።

ሠዓሊ፦ ዶክተር፣ ሁለት ሰዎች ስላጠቁት ሌላውን ተመልካች ሁሉ በር ላይ እናስጠንቅቀው? ይልቅ በ1913 የሆነውን ቀሪውን ልንገርዎት። ሬፒን መጣና የንጉሡን ራስ እንደገና ቀባው። ዕድሜው ገፍቶ የቀለም ስሜቱ ተለውጦ ስለነበር ፊቱን ወይን ጠጅ መሰል አደረገው። የሙዚየሙ ኃላፊ ግራባር ደንግጦ ቀለሙ ሳይደርቅ አስወገደው፤ የተጎዳውን ብቻ በውኃ ቀለም እየሞላ እንደ ቀድሞው መለሰው። ሥዕሉ ያኔ ከሠዓሊው እጅ እንኳ ወጥቶ የሕዝብ ሆኗል። ባለቤቱ እንዲለውጠው ካልተፈቀደለት፣ እኛ ማን ሆነን ነው የምናወርደው?

የታሪክ መምህር፦ የግራባርን ታሪክ አላውቀውም ነበር፤ አሳምኖኛል። «ይውረድ» ያልሁትን አንሥቻለሁ። ርእሱን ግን አልለቅም። «አባትና ልጅ» ብሎት ቢሆን አፌን እዘጋ ነበር። ቀንና ዓመት የጻፈ ሰው ግን ሐዘን ብቻ አላቀረበም፣ ሆነ ብሎ መስክሯል። ምስክር ደግሞ ይጠየቃል።

ሠዓሊ፦ እዚህ ላይ መልስ የለኝም፤ ቀኑን እኔም አልጽፈውም ነበር። ከሥዕሉ ጎን የፖሴቪኖን ነገር፣ የንጉሡን ደብዳቤና የ1963ቱን ምርመራ የሚገልጽ ጽሑፍ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል። ዶክተር ያሉትን ለብቻው ክፍል ግን አልቀበልም።

ሞስኮ የተማሩ ሐኪም፦ እኔም ከቃሌ አልመለስም። ያ ደም ከታየኝ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አባትየው ያየኛል።