ኡቡንቱ አፕዴት እያደረገ መብራት ሄዶበት ከዛ ወዲህ ምንም አልጭን አለኝ፣ የድሬ ሰዎች እርዱኝ

ኮፒቤት_ሳቢያን፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ሳቢያን ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ላሚኔሽን፣ ሲቪና ማመልከቻ መተየብ፣ እንዲህ እንዲህ ነው የምሰራው። ዋናው ኮምፒውተር ኡቡንቱ 22.04 ነው፣ የሰው ፍላሽ ሁሉ እዚህ ስለሚሰካ በዊንዶውስ ቫይረስ ተማርሬ ነው የቀየርኩት። ትላንት ማታ ልዘጋጋ ስል አፕዴት አለ አለኝ፣ እሺ ብዬ ለቅቄው ወረቀት እየደረደርኩ እያለ መብራት ድርግም። ዩፒኤስ አለኝ ግን ባትሪው ከሞተ ከርሟል፣ አሁን ሥራው ጲጵ ማለት ብቻ ነው።

ጠዋት ሳበራው ኮምፒውተሩ በሰላም ተነሳ፣ ሊብሬኦፊስም ይከፈታል፣ ፕሪንተሩ ግን የለም። ድራይቨሩን እንደገና ልጫን ብዬ ተርሚናል ላይ አፕት (የፕሮግራም መጫኛው ትዕዛዝ) ስል የፓኬጅ ሊስቱን ወይም ስታተስ ፋይሉን ማንበብም መክፈትም አልቻልኩም ዓይነት ነገር ይለኛል፣ አፕዴት ስለውም ያው፣ በማውዝ የሚከፈተው የሶፍትዌር መጫኛም ዝም ብሎ ይዞራል። የዩኒቨርሲቲ ልጆች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ፎርማት የሚል መልስ አልፈልግም!! የአማርኛ ኪቦርዱንና ፎንቶቹን ለማስተካከል ስንት ቀን እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባጃጅ_ባሽ፦
አቦ ይሄማ ቀላል ነው። ሎክ ፋይሎቹን አጥፋቸው፣ እምቢ ካለ ቫር ውስጥ ሊብ ውስጥ ዲፒኬጂ የሚል ፎልደር አለ እሱን ሙሉውን ሰርዘህ አፕት አፕዴት በለው፣ ከኢንተርኔት መልሶ ያወርደዋል። እኔ ባለፈው ሀሽ ሰም ምናምን እያለ ሲያስቸግረኝ እንደዛ አድርጌ ነው የተገላገልኩት።

ጀጎልና_ተርሚናል፦
ዋርያ ቆይ ቆይ! ምንም እንዳትሰርዝ።

ባጃጅ አንተ ያኔ የሰረዝከው አፕት ውስጥ ያለውን ሊስትስ የሚባለውን መሆን አለበት። እሱ የሱቅ ዕቃ ዝርዝር በለው፣ ከሰርቨር የመጣ ኮፒ ስለሆነ ብትሰርዘው አፕት አፕዴት መልሶ ያመጣልሃል። የዲፒኬጂው ሌላ ነው፣ ዲፒኬጂ አፕት ያወረደውን ፓኬጅ፣ ማለት የፕሮግራሙን ጥቅል፣ የሚጭነው ነው፣ ፎልደሩ ደግሞ የራስህ ቤት መዝገብ ነው፣ እዚህ ማሽን ላይ የትኛው ፓኬጅ በየትኛው ቨርዥን ገብቷል፣ ጨርሷል ወይስ በግማሽ ቀርቷል የሚለው ያለው እዛ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ የማንም ሰርቨር አያውቀውም። እሱ ከሄደ ሊብሬኦፊስ ፊትህ ተከፍቶ እያየኸው አልተጫነም ይልሃል። ሎኩም ምንም አላደረገም፣ ሎክ ሁለት ፕሮግራም እኩል ገብቶ እንዳይጽፍ ነው፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ የያዘው ሰው የለም፣ ፋይሉ ቢቀመጥም የተቆለፈ ነገር የለም።

አሁን ኮፒ ቤቱ፣ ያንተ የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። ሊኑክስ ጻፍ የተባለውን ሁሉ እዛው በዛው ዲስክ ላይ አያወርድም፣ ሜሞሪ ላይ ይዞ ትንሽ ይቆያል። መብራት በዛች መሃል ከሄደ የፋይሉ ስምና መጠን ተመዝግቦ ውስጡ ባዶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ዲፒኬጂ በበኩሉ አፕግሬድ ላይ እያለ ስታተስ የምትባለዋን ፋይል ደጋግሞ ነው የሚጽፋት፣ ስለዚህ የምትመታው እሷ ናት።

ከስልክ ስለሆንኩ ትዕዛዞቹን በፊደል ነው የምጽፈው ተርሚናሉ ላይ አንተ በእንግሊዝኛ አድርጋቸው። መጀመሪያ ሱዶ ሲፒ ሰረዝ ኤ ብለህ (ሱዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ነው፣ ሲፒ መገልበጫው) ያንን ዲፒኬጂ የሚባል ፎልደር እንዳለ ሆም ላይ ገልብጥ፣ ብናበላሸው መመለሻ ይሁነን። ከዛ ሌስ በሚለው ትዕዛዝ የስታተስን የመጀመሪያ መስመሮች አሳየኝ። ደህና ከሆነች ፓኬጅ ብላ ስም ትጽፋለች፣ ከስር ኢንስቶል ኦኬ ኢንስቶልድ ትላለች። አጠገቧ ስታተስ ሰረዝ ኦልድ የምትባልም አለች እሷንም እያት።

ኮፒቤት_ሳቢያን፦
በመጀመሪያ እህታችሁ ነኝ ሃሃ፣ ኮፒ ቤት የወንድ ነው ያላችሁ ማነው።

ገልብጫለሁ። ስታተስ ውስጥ ያቺ እንደ ጣሪያ የሆነች ምልክትና የኢሜል ኤት እየተደጋገሙ ስክሪኑን ሞሉት፣ አንድም ቃል የለም። ኦልዱ ግን ጥሩ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ አንድ ቃል ሳይጨርስ ቁርጥ ይላል። ተበላሁ ማለት ነው? እዚህ ቀትር ሆኗል፣ ፋኑን ራሱ ከኔ አዙሬ ለኮምፒውተሩ ሰጥቼዋለሁ። ካልሆነ ዴስክቶፑን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር አመጣልሃለሁ።

ጀጎልና_ተርሚናል፦
ይቅርታ እህቴ። ደንገጎን አትውጪ፣ መንገዱ ላይ ሲንገጫገጭ ዲስኩንም ትጨርሺዋለሽ፣ እዛው ሆነሽ ይስተካከላል።

ያየሽው ምልክት ባዶ ባይት ነው፣ የገመትነው ነው። ኦልዱም ግማሽ ስለሆነ ተይው። ግን ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ቦታ አለች፣ ቫር ውስጥ ባክአፕስ የሚል ፎልደር። ሲስተሙ ራሱ በቀን አንዴ የስታተስን ኮፒ እዛ ያስቀምጣል፣ ማንም ሳያዘው። ዲፒኬጂ ነጥብ ስታተስ ነጥብ ዜሮ የሚለው የቅርቡ ነው፣ አንድ ሁለት እያለ የሚሄደው የቆየው ነው፣ የቆዩት በጂዚፕ የታመቁ ስለሆኑ በዚካት ነው የሚነበቡት። ዜሮውን መጀመሪያም መጨረሻም እዪው፣ ሙሉ ከሆነ በተበላሸው ስታተስ ቦታ በሱዶ ሲፒ ገልብጪው። ስሙ ስታተስ ብቻ ይሁን፣ ነጥብ ዜሮው አይግባ።

ከዛ ሱዶ ዲፒኬጂ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ፣ ቀጥሎ ሱዶ አፕት ሰረዝ ሰረዝ ፊክስ ሰረዝ ብሮክን ኢንስቶል፣ መጨረሻ ላይ አፕግሬድ። መዝገቡ ከመብራቱ በፊት የተቀዳ ስለሆነ ማታ የገቡት ፓኬጆች ገና በአሮጌ ቨርዥናቸው ናቸው ብሎ ነው የሚያምነው፣ አፕግሬድ ስትዪው ላያቸው ላይ ደግሞ ይጭናቸዋል፣ ችግር የለውም። ዳታ ያልቃል ብለሽም አትስጊ፣ ማታ የወረዱት ፓኬጆች መጫናቸው ስላላለቀ ካሽ ውስጥ አርካይቭስ የሚለው ጋ ቁጭ ብለው ይጠብቁሻል። አፕት ክሊን እንዳትዪ ብቻ፣ እነሱን ያጠፋብሻል!

ከዚራ_ጥላ፦
ጀጎል አንድ ነገር ረስተሃል፣ አፕዴትስ። እዛው ዲፒኬጂ ፎልደር ውስጥ አፕዴትስ የሚል ሌላ ፎልደር አለ፣ ዲፒኬጂ ወደ ዋናው መዝገብ ያላዛወራቸውን ለውጦች በቁጥር ስም እዛ ያስቀምጣል። መብራት ሲሄድ እነሱም ባዶ ሆነው ይቀራሉ፣ ስታተስን አስተካክለሽም እንደገና ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ይጮህብሻል። አትሰርዣቸው፣ ኤምቪ ብለሽ ወደ ሆም አዛውሪያቸው፣ ፎልደሩ ግን ባዶውን ይቀመጥ።

ኮፒቤት_ሳቢያን፦
እልልል ተነስቷል!! ማለቴ ግማሹ። ዜሮው ሙሉ ነበር፣ የትላንት ቀን ይዟል። ከዚራ ያልከው እውነት ነው፣ አፕዴትስ ውስጥ ሦስት ፋይል ነበሩ አዛወርኳቸው። ኮንፊገሩ ትንሽ እንደሄደ ደግሞ ካፕስ ፊልተርስ የሚባል ፓኬጅ ጋ ሲደርስ የፋይል ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር የለውም ብሎ ቆመ። አዲስ መስመር ምንድነው የሚፈልገው? ኢንተር ልምታለት እንዴ?

ባጃጅ_ባሽ፦
ሃሃሃሃ ኢንተር ምቺለት

ጀጎልና_ተርሚናል፦
አትምቺለት። ኢንፎ በሚለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ ለያንዳንዱ ፓኬጅ በስሙ መጨረሻው ሊስት የሆነ ፋይል አለ፣ ፓኬጁ ዲስኩ ላይ ምን ምን ፋይል እንዳስቀመጠ የሚዘረዝር። የካፕስ ፊልተርሱ እንደ ስታተሷ ባዶ ሆኗል ማለት ነው፣ ኢንተር ብትመቺለትም ከውስጡ የጠፋው አይመለስም። እሱን ብቻ ወደ ሆም አውጪውና ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሰረዝ ሰረዝ ሪኢንስቶል ብለሽ የፓኬጁን ስም ስጪው። ዝርዝሩ የለም፣ ምንም ፋይል እንደሌለው ቆጥሬ እቀጥላለሁ ብሎ ያስጠነቅቅሻል፣ ይቀጥል፣ ሲጭን ዝርዝሩን አዲስ ይጽፈዋል። ሌላ ፓኬጅ ላይም ካቆመሽ ያው ነው። ፕሪንተርሽ የጠፋውም በዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ካፕስ እኮ የህትመቱ ዋና ነገር ነው።

ኮፒቤት_ሳቢያን፦
ካፕስ ፊልተርስ ገባ፣ ሌላ አንድ የፎንት ፓኬጅም እንደዛው ብሎ ነበር በዛው መንገድ አለፈ። አፕግሬዱ አልቋል። ፕሪንተሩ መጣ!! የመጀመሪያዋ ልጅ 64 ገጽ እየወጣላት ነው፣ ሌሎቹ ፈጢራ ሊበሉ ሄደዋል ደውዬ ልጥራቸው።

ከዚራ_ጥላ፦
እንኳን ደስ ያለሽ። ሰልፉ ጋብ ሲል ግን ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ክፈቺ፣ ከኡቡንቱው ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ ሜኑው ላይ ስማርት የሚል አለ፣ የዲስኩን ጤና የሚያሳይ። ሪአሎኬትድ ሴክተር (ተበላሽቶ በሌላ የተተካ የዲስክ ቦታ) በሚለው መስመር ከዜሮ በላይ ቁጥር ካየሽ፣ በተለይ ደግሞ በሳምንቱ ስታዪው ጨምሮ ካገኘሽው፣ ጥፋተኛው መብራት ብቻ አይደለም፣ ዲስኩም እየሄደ ነው። በድሬ ሙቀት አሮጌ ሃርድ ዲስክ አይታመንም። ፋይሎችሽን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ነገር ቅጂ።

ኮፒቤት_ሳቢያን፦
አየሁት ዜሮ ነው አልሃምዱሊላህ። ለመሆኑ የዩፒኤስ ባትሪ ብቻውን ይሸጣል ወይስ ሙሉውን ልግዛ?

ባጃጅ_ባሽ፦
ብቻውን ይሸጣል፣ ይሄን እንኳ አውቃለሁ አቦ። ትንሹ ዩፒኤስ ከሆነ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ነው፣ ግን ፈተሽ ብለሽ የድሮውን አውጥተሽ ጽሑፉን እዪ፣ ይዘሽው ብትሄጂ ይሻላል መጠኑም እንዳይሳሳት። እስከዛው ማታ ማታ አፕዴት አትንኪ።

ጀጎልና_ተርሚናል፦
በዚህስ ባጃጅ ልክ ነው። ሆም ላይ የገለበጥሽውን የተበላሸውን ፎልደር ደግሞ ሳምንት ያህል አቆይው፣ ከዛ ነው የምትሰርዢው።