ስም የለሽ ምክር ለግንባችን ይበጃል ወይ?

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ የጎንደር ልጆች። ትናንት በድምፅ መልእክት የተጀመረውን ዛሬ በጽሑፍ እንከራከርበት፤ በድምፅ ሲሆን ሁሉም ባንድ ላይ ይጮሃል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የጥንት ግንብ ሲጠገን ይለሰን ወይስ ድንጋዩ እንዳለ ይታይ የሚለውን ባለሙያዎች አዳራሽ ተቀምጠው ይወስኑ? ወይስ የቀሃ ልጅ እንዳለው ስማቸው ሳይገለጥ በወረቀት ደጋግመው እየተጠየቁ ይስማሙ? ስድብ የጻፈ ይወጣል። ፖለቲካ ያመጣም እንዲሁ።

የቀሃ ልጅ፦ ሐሳቡ የኔ አይደለም፤ ዴልፊ ይባላል። ራንድ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ኖርማን ዳልኪና ኦላፍ ሄልመር የሞከሩት ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ለሰባት ባለሙያዎች ለየብቻ አንድ ጥያቄ ሰጡ። ጥያቄው የጦር ነው፤ የአሜሪካን የጦር መሣሪያ ምርት እስከዚህ ድረስ ለማሽመድመድ ስንት የአቶም ቦምብ ይበቃል የሚል። አንዱ 50 አለ፣ አንዱ 5000። ከዚያ የየአንዳንዱን ምክንያት ሰብስበው፣ ስሙን ቆርጠው ጥለው፣ መልሰው ለሁሉም አከፋፈሉ። አምስት ዙር እንዲህ ሲባል ትልቁ ግምት የትንሹ እጥፍ ገደማ ሆኖ ቀረ። ጉዳዩ ምስጢር ስለነበር የታተመው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደኛ ስብሰባ እንምጣ። ትልቁ ሰው ማይኩን ይይዛሉ። ከሳቸው በኋላ የሚነሳው ሁሉ «የተባለውን ለማጠናከር ያህል» ብሎ ይጀምራል። እውነቱ የሚወራው ሻይ ዕረፍት ላይ ነው፣ እሱም በሹክሹክታ። ይሉኝታን የሚሰብር መንገድ ካለ ለምን አንሞክረውም?

አስጎብኚው፦ ሻይ ዕረፍቱን አትንኩብን። እኔ ግን ስም የሌለው ቃል ያስፈራኛል። ነገ ግንቡ ቢበላሽ ማንን ይዘን እንጠይቃለን? በጎንደር ዘመን ቅባትና ተዋሕዶ የሚባሉት የሃይማኖት ወገኖች በጉባኤ ሲከራከሩ እነማን እንደቆሙ ዜና መዋዕሉ በስማቸው ጽፎታል። ይኸው ሦስት መቶ ዓመት አልፎ እንኳ እናነሳቸዋለን። የናንተን ወረቀት የሞላውን ሰው ግን የሚያውቀው ሰብሳቢው ብቻ ነው።

የአቋቋም ተማሪ፦ ወንድሜ፣ በንጉሥ ፊት የሚደረግ ክርክር ንጉሡን እያዩ የሚደረግ ክርክር ነው። አባቶቻችን ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። በዙፋን ችሎት ፍርድ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚናገረው ታናሹ ሹም ነበር፤ እያለ እያለ ወደ ትልልቆቹ ይወጣል፣ ንጉሡ መጨረሻ ላይ ነው ቃሉን የሚሰጠው። ለምን? ትልቁ ከቀደመ ትንሹ አፉን ይይዛላ። የፈረንጁ ብልሃት ስም በመደበቅ የሚፈልገውን የኛዎቹ በተራ አግኝተውት ነበር ባይ ነኝ። በዚያ ላይ ስሙም አይጠፋም።

የቀሃ ልጅ፦ ይቺን አላሰብኳትም። ግን ታናሹ ያሉት ሰውዬ ጓዳ ገብተው የንጉሡን ሐሳብ ሰምተው ከመጡስ?

የአቋቋም ተማሪ፦ ያማ ያንተም ወረቀት ላይ አለ። ቢሮ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መምህራን ሳይነጋገሩ ይሞላሉ ትላለህ?

ሲስተር፦ ከወረቀቱ ወገን የነበረ ሰው ይናገር ካላችሁ እኔ አለሁ። በሙያዬ አንድ የሕክምና መመሪያ ሲዘጋጅ ተጠይቄያለሁ፤ የማን እንደሆነ ይቅር። በኢሜይል ነው የሚመጣው፣ ለየአንዳንዱ ነጥብ ከ1 እስከ 9 ትሰጣላችሁ። መጀመሪያ ዙር ደስ ይላል፤ ለአንድ ነጥብ 3 ሰጠሁ፣ ምክንያቴንም በረዥሙ ጻፍሁ። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ «የቡድኑ መካከለኛ ነጥብ 7 ነው፣ አንቺ 3 ሰጥተሻል፣ ትቀይሪያለሽ?» ይላል። ያ ረዥሙ ምክንያቴ በአንድ መስመር ተጨምቆ አገኘሁት። እንደገና ጻፍሁ። ሦስተኛው የመጣው የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ስወጣ ነው። 6 ብዬ ላክሁት። ሪፖርቱ «ስምምነት ላይ ተደርሷል» አለ። እኔ ተስማምቼ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ይሉኝታ በአዳራሽ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ፣ ቁጥሩም ያፈጥጥባችኋል።

የቀሃ ልጅ፦ እታለም፣ ልክ ነሽ። ስንት ሰው ሲስማማ ስምምነት ይባላል የሚለው ከመጀመሪያው ዙር በፊት መጻፍ አለበት። ከመሃል ያፈነገጠ መልስም ከነምክንያቱ፣ ሳይጨመቅ ይታተም።

አስጎብኚው፦ ይህን ለቱሪስት ስናገር የኖርሁትን ልጨምር። በ1931 እ.ኤ.አ. የዓለም የቅርስ ባለሙያዎች አቴንስ ተሰብስበው፣ ለጥንታዊ ሕንፃ ጥገና ዘመናዊ ዘዴ፣ በተለይ ብረት ያለበት ኮንክሪት፣ በጥንቃቄ ይጠቀሙ ብለው አጸደቁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጣሊያን እኛ ዘንድ መጥቶ የፋሲልን ግቢ በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠገነው። ያኔ ባለሙያ ብትጠይቅ፣ በስምም ያለስምም፣ አምስት ዙርም ይሁን አሥር፣ ሲሚንቶ ይልህ ነበር። ኋላ ያንኑ እየፈነቀሉ በኖራ መተካት መጣ። መስማማትና ልክ መሆን ለየቅል ናቸው።

ግንበኛው፦ ልጆቼ፣ ስልክ ላይ መጻፍ ይከብደኛል፣ ታገሱኝ። ሲሚንቶ ድንጋዩን ያፍነዋል። ክረምት የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፣ ከዚያ ልስኑ ደህና ሆኖ ድንጋዩ ነው የሚረግፈው። ኖራ ይተነፍሳል። ግን ኖራም ኖራ አለው። ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ወራት መክረም አለበት፤ በጣቴ ሳነሳው እንደ ቅቤ ካልያዘልኝ አልነካውም። ችኩል ሰው ሳይበርድ ይለስነዋል፣ በጥር ይሰነጠቃል። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ወረቀቱን ከምትልኩላቸው ሰዎች ውስጥ ኖራ በእጁ ያቦካ ስንት አለ?

የቀሃ ልጅ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር? ያዘጋጀሁት ዝርዝር ላይ አሥራ አምስት ሰው አለ። ሁሉም ባለዲግሪ ናቸው።

ሲስተር፦ እንግዲህ ባለሙያ ማለት ማን ነው የሚለው ላይ ስምምነት የለንም ማለት ነዋ። ዙሩ ከዚህ ይጀምር።

የአቋቋም ተማሪ፦ ጥያቄውም ይታይ። «ይለሰን ወይስ ድንጋዩ ይታይ» ያለ ሰው ሁለት በር ብቻ ነው የከፈተው። ሦስተኛውስ? ፍሳሹንና ጣራውን አስተካክሎ ግድግዳውን ጨርሶ አለመንካት የሚል ሰው የት ይጻፍ? በር ጠባቂው አንተ ከሆንህ ስም መደበቁ ምን ይፈይዳል።

የቀሃ ልጅ፦ የመጀመሪያው ዙር ባዶ ወረቀት ይሁን እንግዲህ። «በግንቡ ጥገና ምን ያሳስብሃል?» ብቻ። ምርጫዎቹን ከመልሱ እናወጣለን፣ የምናወጣውም እኔ ብቻዬን ሳልሆን ሦስት ሆነን። አስጎብኚው አንዱ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ከተቃዋሚ ወገን ስለሆነ።

አስጎብኚው፦ እገባለሁ። ግን ሲያልቅ የተሳተፉት ሰዎች ስም ዝርዝር ይውጣ። ማን ምን እንዳለ ይቅር፣ እነማን እንደነበሩ ግን ይታወቅ።

የቀሃ ልጅ፦ በዚህ ተስማማሁ፣ ደክሞኝ አይደለም።

አወያይ፦ ባለሙያ የምትሏቸውን ሰዎች በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ እዚህ ስም አትጻፉ። ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች ካሉ ቅድሚያ። ጋሼ፣ እርስዎንም አንደኛ አስገብቼዎታለሁ።

ግንበኛው፦ እሺ ልጄ። የተጻፈውን ግን ልጄ ናት የምታነብልኝ፣ መልሱንም እሷ ናት የምትጽፈው፤ ያ ስም የለሽ ይባላል? ለማንኛውም ነገ ቁስቋም ሥራ ላይ ነኝ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ደውልልኝ።