በመኝታ መኪና ውስጥ ኢንተርኔት እየተቋረጠብን ነው፤ እስከ ነገ ጠዋት መፍትሔ እንፈልጋለን

ጠያቂ፦ የዐይን ቡድን (ከምሽቱ 12:40)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ያለነው ከጉንደወይን ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወደ አባይ በኩል ወረድ ብሎ በሚገኝ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። አራት ሆነን የምንኖረውም የምንሠራውም ከኋላዋ የመኝታ ክፍል በተሠራላት መኪና ውስጥ ነው። ቀን ቀን በትራኮማ ምክንያት የዐይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የተቀለበሰባቸውን ሰዎች መርምረን ፎቶ እናነሣለን፤ ማታ ማታ ፎቶውንና መዝገቡን ደብረ ማርቆስ ላለችው ሐኪማችን እንልካለን፤ እርሷም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውን ለይታ ታሳውቀናለች። ዛሬ ግን ከ11 ሰዓት ጀምሮ አንድም ፎቶ አልሄደም። ራውተሩ 4ጂ ብሎ ሁለት መስመር ያሳያል፤ መላክ ይጀምርና ግማሽ ላይ ይቆማል። ሲሙን አውጥተን መልሰናል፣ ራውተሩን አጥፍተን አብርተናል፣ ጥቅሉም አላለቀም። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 37 ሰዎች ውጤታቸውን ሊሰሙ ከየቀበሌው በእግራቸው ይመጣሉ። እባካችሁ የምታውቁት ካለ ቶሎ ንገሩን።

የደጀኑ ሾፌር (12:52)

ልጄ፣ እኔ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በሁለቱም መንገድ፣ በቡሬም በሞጣም፣ ጭነት ሳመላልስ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። በጎጃም የስልክን ነገር የሚወስነው መሬቱ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነሥተሽ ወደ ህዳሴ ድልድይ ስትወርጂ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትሄጃለሽ፤ በየመታጠፊያው መስመሩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ደጀን አፋፉ ላይ ስትወጪ ደግሞ ስልክሽ ውስጥ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንጫጫል። እናንተም ከአስፋልቱ ወደ አባይ ወርደናል ካላችሁ አንቴናውና እናንተ መካከል ጉብታ ገብቷል ማለት ነው። መኪናዋን ወደ አፋፉ መልሷት። ከአሁን ወዲያ ግን በጨለማ አትንቀሳቀሱ፤ ሲነጋ ይሁን።

የዐይን ቡድን (12:58)

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። በቡድናችን ደንብ ከ12 ሰዓት በኋላ መኪና ማንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ካለንበት ቦታ ሆነን ነው መላክ ያለብን። ግራ የገባኝ ግን ትናንትም እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበርን፤ ትናንት ቀስ እያለም ቢሆን ሄዷል።

ማር ዘነብ (1:03)

ሲሙን አውጥታችሁ መልሱት፤ ከዚያ ስልኩን የአውሮፕላን ምልክቱ ላይ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩና መልሱት። እኔ ዘንድ ሁልጊዜ ይሠራል።

ሞገድ አጥማጅ (1:15)

ከመድኃኒቱ በፊት በሽታውን መለየት ይገባል፤ ስለዚህ ትንሽ ብዘረዝር ይቅርታ እጠይቃለሁ። በራውተሩ ፊት ላይ የሚታዩት መስመሮች ብዙ አይነግሩም። ኮምፒውተር አገናኝታችሁ የራውተሩን መቆጣጠሪያ ገጽ ክፈቱና የሲግናሉን ጥንካሬ በቁጥር ተመልከቱ። ቁጥሩ የሚጻፈው ዲቢኤም በሚባል መለኪያ፣ ከዜሮ በታች ነው፤ −90 ዲቢኤም ወይም ከዚያ ለዜሮ የቀረበ ከሆነ ጥሩ ነው፤ −110ን አልፎ ከወረደ ግን ገጽ መክፈት ቢቻል እንኳ ፎቶ መላክ ይከብዳል። ምክንያቱም የኔትወርኩ ማማ በትልቅ ኃይል ወደ እናንተ ሲናገር የእናንተ መሣሪያ በጣም ትንሽ ኃይል ይዞ ነው የሚመልሰው፤ እናንተ እርሱን ትሰሙታላችሁ፣ እርሱ እናንተን አይሰማችሁም። «4ጂ ይላል፣ ግን አይልክም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር የሞገዱ ዓይነት ነው። እንደ 800 ሜጋኸርትዝ ያለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ሩቅ ይሄዳል፣ ጉብታም በመጠኑ ይዞራል፤ እንደ 1800 ወይም 2600 ያለው ብዙ መረጃ ይሸከማል፣ ነገር ግን በኮረብታና በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ደካማ 4ጂ ላይ ከመታገል ራውተሩን ለጊዜው «3ጂ ብቻ» ማድረግ አንዳንዴ ይሻላል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግን ሳይቆራረጥ ይሄዳል።

ሦስተኛውን ሁሉም ሰው ይዘነጋዋል። የመኝታ ክፍሏ ከምን ተሠራች? በላሜራ ከሆነ በብረት ሣጥን ውስጥ ሆናችሁ ሬዲዮ ለመስማት እየሞከራችሁ ነው። ላሜራ ሞገድን መልሶ ይወረውራል፤ የሚገባው በመስኮቱ በኩል ያለው ብቻ ነው።

የዐይን ቡድን (1:24)

በላሜራ ነው የተሠራችው፤ ራውተሩም ከአልጋው ራስጌ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ከመስኮቱ ርቆ ነው የተቀመጠው። ቁጥሩን አየሁት፤ −113 ይላል። ስልኬን ይዤ ደጅ ስወጣ −101 ሆነ።

ሞገድ አጥማጅ (1:27)

እንግዲህ አየሽው፤ በ−113ና በ−101 መካከል ያለው 12 ዲሲቤል ማለት ኃይሉ ከ15 እጥፍ በላይ ይለያያል ማለት ነው።

የቀለም ቀንድ (1:31)

እኔ ጥያቄው ራሱ ላይ ጥያቄ አለኝ። በየምሽቱ ከሸለቆ ውስጥ ሆኖ ለመላክ መጨነቅ ለምን አስፈለገ? እንደ ኮቦ ያሉት የመዝገብ መተግበሪያዎች ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው፤ ቀን የሞላችሁትን ስልኩ ላይ አስቀምጠው ሞጣ ስትገቡ በአንድ ጊዜ ይልካሉ። ለገጠር ሥራ ሲወጣ ሥርዓቱ ኢንተርኔት የለም ብሎ መነሣት አለበት፤ ሲገኝ ትርፍ ነው። ቡድናችሁ በየቀኑ መላክ ግዴታ ነው ብሎ ማቀዱ ትክክል አይመስለኝም።

የዐይን ቡድን (1:38)

የተናገሩት ለመዝገቡ ትክክል ነው፤ መዝገቡንም እንደዚያው ነው የምንሠራው። ነገር ግን ውሳኔው የሐኪሟ ነው፤ ሰዎቹም ነገ ይመጣሉ። ከመካከላቸው ሦስት ሰዓት በእግራቸው የሚጓዙ አዛውንቶች አሉ፤ «ገና አልተላከም» ብለን ከመለስናቸው ሁለተኛ አይመጡም። ለዚህ ነው የምጨነቀው።

የቀለም ቀንድ (1:44)

ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይህን አላወቅሁም ነበር። እንዲህ ከሆነ የፎቶዎቹን መጠን ቀንሱ። የዛሬ ስልክ የሚያነሣው አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ዐይኑን ብቻ ቆርጣችሁ ብታስቀሩት ሐኪሟ የምትፈልገው ሳይጠፋ በጣም ያንሳል። አንድ በአንድ ላኩ እንጂ 37ቱን በአንድ ፋይል አትጠቅልሉ፤ ግማሽ ላይ ሲቋረጥ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ሐኪሟም መልሷን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ትላክላችሁ፤ ዳታ በማይሄድበት ቦታ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

የአባ ጉንዳን (1:50)

ወገን፣ ሲግናል ማጉሊያ የሚባል መሣሪያ ገበያ ላይ አለ፤ እርሱን ገዝታችሁ ጣሪያው ላይ ብትሰቅሉት ይገላግላችኋል። ወይም የሳተላይት ኢንተርኔት ሳህን።

ሞገድ አጥማጅ (1:57)

ይህን ምክር እቃወማለሁ። ማጉሊያ ያገኘውን ሞገድ አጉልቶ መልሶ የሚረጭ ነው፤ በትክክል ካልተገጠመ ማማውን ራሱን ያውካል፣ የአካባቢውን ሰው ሁሉ ስልክ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ መፍቀድና መከልከል በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ የሳተላይት ኢንተርኔት ሳህንም ያለ ፈቃድ አይተከልም። አንቴና ግን ሌላ ነገር ነው። ራውተሩ ከኋላው የአንቴና መሰኪያ ካለው ከጣሪያው በላይ አንቴና ማውጣት ምንም አያውክም፤ 4ጂ በሁለት አንቴና ስለሚሠራ ሁለት መሆን አለበት፤ ገመዱም አጭር ይሁን። ቀጭን ገመድ 10 ሜትር ከሆነ ከሲግናሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በመንገድ ይበላዋል፤ ከዚያ አንቴናው ያተረፈውን ገመዱ ያከስረዋል።

የጉልት ልጅ (2:05)

እኔ መርጡለ ማርያም አስተምራለሁ፤ ቤቴ ቆርቆሮ ነው፣ ያው የእናንተው ዓይነት ችግር አለብኝ። አንቴና እስክትገዙ ድረስ ይህን አድርጉ። ቢጫ ጀሪካን ፈልጉ፤ ጎኑን ቀዳችሁ የተሞላ ስልክ ውስጡ አስገቡ፤ የስልኩን ዳታ ለሌሎች እንዲያካፍል ክፈቱት፤ ጀሪካኑን በረጅም እንጨት ላይ አስራችሁ ከመኪናው ጣሪያ በላይ፣ በመስኮቱ በኩል አቁሙት። ፕላስቲክ ሞገድ አይከለክልም፤ ዝናብና ጤዛም አያስገባም። ስልኩ ከማማው ጋር ከላይ ሆኖ ይነጋገራል፤ እናንተ ደግሞ በመስኮቱ መስታወት በኩል ዋይፋዩን ትይዛላችሁ። ቀን ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ስልኩ ይግላል። እኛ የፈተና ምዝገባ ጊዜ በዚህ ነው የተረፍነው። ከላይ የሚታሰረው ስልክ በቤቱ ካሉት ስልኮች ሁሉ የተሻለው ይሁን፤ ብዙ ሰው አሮጌውን ይሰቅልና «አልሠራም» ይላል።

ማር ዘነብ (2:08)

የአውሮፕላን ምልክቱን ሞከራችሁት? ሁለት ደቂቃ አድርጉት።

ባትሪና ፊውዝ (2:19)

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ አነበብሁት፤ ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። ትናንት ከዚሁ ቦታ ሄዶ ዛሬ እምቢ ካለ ጉብታውም ላሜራውም ትናንት ነበሩ። ዛሬ የተለየ ምን ገባ? ራውተሩ መብራቱን የሚያገኘው ከየት ነው? መኪናዋ ምንድን ናት? ግማሽ ላይ ሲቆም የራውተሩ መብራቶች ጠፍተው ይበራሉ ወይስ በርተው ይቆያሉ?

የዐይን ቡድን (2:30)

መኪናዋ አይሱዙ ናት። ራውተሩን መኝታ ክፍሏን የሠራው ባለሙያ ከመኪናው ባትሪ ላይ ነው ያገናኘው። አሁን ቆሜ ተመለከትሁ፤ በእውነት መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እንደገና በሩ። ዛሬ ጠዋት የዐይን ጠብታ ማቀዝቀዣ ፍሪጅ ጨምረን ሰክተናል፤ ይህ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል ብዬ ስላላሰብሁ አልጻፍሁትም።

ባትሪና ፊውዝ (2:41)

እንግዲህ ዋናው ነገር ይኸው ነው። አብዛኞቹ አይሱዙ የጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። የእናንተ ራውተር ግን 12 ቮልት ይፈልጋል። ብዙ ሠራተኛ የቮልቴጅ መቀነሻ ከመግዛት ይልቅ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ሽቦ ይስባል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው፤ አንደኛው ባትሪ ያለማቋረጥ ይራቆታል፣ ሌላኛው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ፍሪጁም ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር በዚያ በደከመው ባትሪ ላይ ቮልቴጁ ወርዶ ራውተሩ ይጠፋል። ተመልሶ ከማማው ጋር እስኪገናኝ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ፎቶው ግማሽ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ለዛሬ ማታ ራውተሩን ከመኪናው ንቀሉና የጉልት ልጅ እንዳለው በስልክ ላኩ፤ ስልኩ የራሱ ባትሪ አለው። ፍሪጁን ግን አታጥፉ፤ ጠብታው ይበላሻል። መልቲሜትር ካላችሁ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለኩልኝ፤ የመኪናዋ ሞተር ጠፍቶ ከ12 በታች የሚያሳየው ሽቦ የተሳበበት እንደሚሆን እጠብቃለሁ። ሞጣ ስትደርሱ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መቀነሻ ከሁለቱ ባትሪ ጠቅላላ ላይ፣ ፊውዝ ጨምሮ ያስገቡላችሁ። ባለሙያው «እንዲሁ ይሠራል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

የደጀኑ ሾፌር (2:48)

ይህ ልጅ የተናገረው እውነት ነው። በእኔም መኪና ላይ ለቴፕ ብለው ከአንዱ ባትሪ ስበውብኝ፣ አንድ ጠዋት ደምበጫ ላይ አልነሣም ብላኝ በግፊት ነው የወጣሁት።

የዐይን ቡድን (3:10)

ጀሪካን ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ አገኘን፤ አሁን እየቀደዱት ነው። መልቲሜትር የለንም። አራት ፎቶዎች ቆርጬ ደጅ ቆሜ በስልኬ ላክሁ፤ ሁለቱ ሄዱ። የቀሩትን እየሞከርሁ ነው።

የጉልት ልጅ (3:16)

አሁን ሰዉ ሁሉ ስልኩ ላይ ያለበት ሰዓት ስለሆነ ማማው ተጨናንቋል። ሁሉም ካልሄደላችሁ ተኙና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ላኩ፤ በዚያ ሰዓት እዚህ እኛ ዘንድ በጣም ይፈጥናል። ከአንድ በላይ ኦፕሬተር ሲም ካላችሁም ሁለቱንም ከጀሪካኑ ጋር ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ማማዎቻቸው በተለያየ ኮረብታ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ባትሪና ፊውዝ (በማግስቱ፣ ከጠዋቱ 1:35)

እህቴ፣ እንደምን አደራችሁ? 37ቱም ሄዱ? ስልኩ ከላይ ሲሰቀል ቁጥሩ ስንት እንደሆነም ጻፊልን፤ የመኝታ መኪና እየሠራሁ ስለሆነ ለእኔም ይጠቅመኛል።

ሞገድ አጥማጅ (5:20)

እኔም እየጠበቅሁ ነው።

የበላያ መንገደኛ (8:05)

ይህን ውይይት ዛሬ ነው ያየሁት። የእኔ መኪና ሚኒባስ ናት፣ 12 ቮልት ናት፤ ስለዚህ መቀነሻ አያስፈልገኝም። ነገር ግን ሞተር በማስነሣበት ጊዜ ራውተሬ ይጠፋል። ለእርሱ ምን ይደረጋል?

ባትሪና ፊውዝ (8:22)

ሞተር ሲነሣ ቮልቴጁ ለአፍታ ወደ 10 ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል፤ የባትሪህ ዕድሜ ከገፋ ደግሞ ይብስበታል። መጀመሪያ ባትሪውን አስለካ። ባትሪው ደኅና ከሆነ ለራውተሩ ብቻ ትንሽ ለብቻዋ የቆመች ባለ 12 ቮልት ባትሪ አስገባ፤ ሞተሩ ሲዞር ትሞላለች፣ በማስነሣት ጊዜ ግን ከዋናው ትለያለች። የሽቦውን አያያዝ በሥዕል አስረዳሃለሁ፤ የመኪናህን ዓይነት ጻፍልኝ።