እስራኤል ያላችሁ መምህራን፣ የጥላ ልኬት ላይ እርዱን

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቻችን በእጃቸው እየሠሩ ነው የሚማሩት። አሁን የያዝነው የመሬትን ዙሪያ በእንጨትና በጥላ መለካት ነው፤ የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ግብፅ ውስጥ ከ2200 ዓመት ገደማ በፊት ያደረገውን ማለት ነው። ለዚህ የግድ ሁለት ከተማ ያስፈልጋል።

አሜሪካ ያለ ትምህርት ቤት አግኝተን ነበር። ግን የእኛ ቀትር ለእነሱ ሌሊት ነው። ልጆቹ በቪዲዮ እየተያዩ መለካት አልቻሉም፤ ለእኔ ደግሞ ዋናው ደስታ እሱ ነበር። ኢየሩሳሌም ትሻለናለች። ቀትራችን የሚለያየው በሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። መጋቢት 11 ፀሐይ በምድር ወገብ ላይ ስትሆን የእኛ የቀትር የጥላ ማዕዘን (የፀሐይ ጨረር ከቆመው እንጨት ጋር የሚፈጥረው) 9 ዲግሪ፣ የእነሱ 32 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። በመሃል ያለው ርቀት ወደ 2500 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ስሌቱ ልጅ የሚችለው ነው።

እዚያ የምታስተምሩ፣ ወይም ልጆቻችሁ እዚያ የሚማሩ፣ አንድ ፈቃደኛ ክፍል ታገኙልን ይሆን? አማርኛ የሚችል ሰው በመሃል ካለ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም የከበደን አለ። በዚያ ቀን የ1 ሜትር እንጨት ጥላ እዚህ 16 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ጫፉ ደብዛዛ ስለሚሆን የልጆቹ ልኬት በአንድ ሳንቲሜትር ይለያያል፤ ያ ብቻውን ግማሽ ዲግሪ ያስታል። ጫፉን ጥርት የሚያደርግ ቀላል ዘዴ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።