ሲጋራ ከቡና ቤት መከልከሉ እውነት ለልብ ይጠቅማል? እንከራከር

አስናቀ፦ ትናንት ማታ ሰፈር ግሮሰሪ ቁጭ ብዬ አጠገቤ ሁለት ሰዎች ለኮሱ፣ ማንም ምንም አላላቸውም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚጠቀምበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከከለከለ ቆየ እኮ፤ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስም አይቻልም። ክልከላው በትክክል ቢሠራበት የሰው ልብ ይተርፋል ወይስ ዝም ብሎ ደንብ ነው?

ዳዊት፦ እኔ አጫሽ ነኝ፣ አልደብቅም። ሁሌ የምትጠቅሱት የአሜሪካዋን የሄሌና ከተማን ነው። በፈረንጆቹ 2002 ማጨስን ለስድስት ወር ከለከሉ፣ በሌላው ዓመት በእነዚያ ወራት በአማካይ 40 የነበረው የሃርት አታክ ታካሚ 24 ሆነ። በቃ፣ የ16 ሰው ልዩነት ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝ በአገር ደረጃ ሲጠና 2.4 በመቶ ብቻ ነው የቀነሰው።

ሜሮን፦ ዳዊትዬ፣ ሄሌና ትንሽ መሆኗ ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን 2.4 በመቶ ያልከው በእንግሊዝ በአንድ ዓመት ወደ 1,200 ሰው ነው። ደግሞ እዚያ ከሕጉ በፊትም ብዙ መሥሪያ ቤት ማጨስ አይቻልም ነበር። ስኮትላንድን እይ። በፈረንጆቹ መጋቢት 2006 ከለከሉ፣ በ9 ሆስፒታሎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የገባው ሰው ከ3,235 ወደ 2,684 ወረደ፣ 17 በመቶ ማለት ነው፤ ያኔ ገና ባልከለከለችው እንግሊዝ የቀነሰው 4 በመቶ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፦ ከቀነሱት 67 በመቶው የማያጨሱ ሰዎች ናቸው! ነርስ ነኝ፣ ታካሚ "እኔ እኮ አላጨስም" ሲለኝ ባልሽ ወይም አለቃህ ያጨሳል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የሌላ ሰው ጭስ በደቂቃዎች ውስጥ የደም ሥርን ያስቸግራል፣ ደምም ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል። እንደ ካንሰር 20 ዓመት አይጠብቅም።

ጋሽ በቀለ፦ ልጆች፣ እኔ መጠጥ ቤት አለኝ። ደንበኛን ውጣና አጭስ ብለው ሌላ ቤት ይሄድብኛል። ጎረቤቴም እንደኔ ቢከለክል ግን አልፈራም ነበር።

ሀና፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ አራት ዓመት መጠጥ ቤት አስተናግጃለሁ፣ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ሌሊት 8 ሰዓት ቤት ስገባ ሹራቤን ውጭ እሰቅለው ነበር፣ ልጄ ስታቅፈኝ ፊቷን ታዞራለች። ደንበኛ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል፣ እኛ ግን አስር ሰዓት ሙሉ ያንን ስንምግ እናመሻለን። "አታጭስ" በይው ስባል ደግሞ ጉርሻዬ ይቀራል፣ አንዳንዴም ስድብ አተርፋለሁ።

ዳዊት፦ ሀናዬ፣ ይሄን አላሰብኩትም። እወጣለሁ። ግን በክረምት ዝናብ 10 ሜትር የት ሄጄ ልቁም? የከሰሉንና የመኪናውን ጭስስ ማን ይከልክልልን?

ሜሮን፦ የከሰሉም ጭስ ለልብ ጠላት ነው፣ እሱንም እንከራከርበት። ግን ያ ስላለ ይሄን እንተወው አይባልም።

ሀና፦ ዝናቡን ለባለቤቱ ንገረው፣ ራቅ አድርጎ ቆርቆሮ ያልብስ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው ጋሼ፤ መተርኮሻውን ከጠረጴዛው ላይ ያንሱልን። እሱን ያየ ሰው የተፈቀደ ነው ብሎ ይለኩሳል፣ ከዚያ በኋላ ተነስ የምለው እኔ ነኝ።

ጋሽ በቀለ፦ ነገ ጠዋት አነሳለሁ ልጄ።