የፒሲኤልና ሃይድሮክሲአፓታይት ስካፎልድ፦ ኖዝሉ ይደፈናል፣ ሴሎቹም አይያዙም

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለአጥንት የሚሆን ስካፎልድ (ሴል የሚያድግበት ባለቀዳዳ ድጋፍ) በፖሊካፕሮላክቶን (ፒሲኤል የሚባለው ፕላስቲክ) ላይ 20 በመቶ ሃይድሮክሲአፓታይት (የአጥንት ዓይነት ማዕድን ዱቄት) ጨምሬ በ3ዲ ማተሚያ እያተምኩ ነው። ሁለቱን ያደባለቅኳቸው በደረቁ ነው። ኖዝሉ (ክሩ የሚወጣበት አፍ) 0.4 ሚሜ፣ ሙቀቱ 100 ዲግሪ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ንጣፍ ላይ ክሩ ይቀጥንና ይቆማል። ታትመው ያለቁት ላይ ሴል ስዘራ ደግሞ በማግስቱ አብዛኛው ሳህኑ ወለል ላይ ተጣብቆ አገኘዋለሁ። ሙቀት ልጨምር?

መልስ 1
አትጨምር። ፒሲኤል 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ 100 ይበቃዋል። ችግሩ በደረቁ የተደባለቀው ዱቄት መቋጠሩ ነው። የኖዝሉ ቀዳዳ ከትልቁ ቅንጣት ቢያንስ 10 እጥፍ ይስፋ፤ ላንተ ከ40 ማይክሮን በታች በወንፊት የተነፋ ዱቄት ማለት ነው። 8 ግራም ፒሲኤል በ80 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም አሟሟ። 2 ግራሙን ዱቄት ለብቻው በጥቂት ክሎሮፎርም ውስጥ በአልትራሶኒክ በትነህ ጨምርበት። ዱቄቱ ቶሎ ስለሚዘቅጥ እያማሰልክ ሰፊ የመስታወት ሳህን ላይ ስስ አድርገህ አፍስሰው። ጭስ መሳቢያ ስር ይደር፣ ከዚያ በቫክዩም በ40 ዲግሪ 2 ቀን ይቆይ፤ ውስጡ የቀረ ክሎሮፎርም ሴል ይገድላል። ከደረቀው ቅጠል ቁራጭ ወስደህ መብራት ፊት ያዘው። ጠቆር ያሉ ነጥቦች ከታዩህ ቋጠሮ አለና መልሰህ አሟሟው።

መልስ 2
ስለ ሴሎቹ፦ ከክር መሃል እስከ ክር መሃል ስንት ነው?

ጠያቂው
1.2 ሚሜ።

መልስ 2
እንግዲያው ክሩ 0.4 ስለሆነ ክፍተቱ 0.8 ሚሜ ነው፤ ሴል ያለበት ጠብታ ሾልኮ ይወርዳል። ከመሃል እስከ መሃል ያለውን ወደ 0.8 አጥብበው፣ ክፍተቱ 0.4 ይሆናል። ፒሲኤል ደግሞ ውሃ አይወድም። 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ንከረውና ፒኤቹ 7 እስኪሆን በተጣራ ውሃ እጠበው። አብዝተህ ካቆየኸው ክሩ ራሱ ይበላል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል። ጀርም ለመግደል ብለህ አውቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ እንዳታስገባው፣ በ121 ዲግሪ ቀልጦ ይቀራል። 70 በመቶ ኢታኖል ውስጥ 30 ደቂቃ አቆየው፣ ከዚያ ሳታደርቀው ኢታኖሉን በፒቢኤስ (ለሴል የሚስማማ የጨው መፍትሄ) ሦስቴ ቀይር። ከደረቀ አየሩ ተመልሶ ቀዳዳው ውስጥ ይታፈናል። ሌሊቱን ሚዲየም (የሴል ምግብ ፈሳሽ) ውስጥ ይደር። ጠዋት ትርፉን ምጠጥ፣ ሴሎቹን በ30 ማይክሮ ሊትር ጠብታ አኑር፣ ኢንኩቤተር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል አቆይተህ ብቻ ሚዲየም ሙላበት። ሳህኑ ሴል የማይጣበቅበት ዓይነት ይሁን።

መልስ 3
አንድ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሴሎቹ ማዕድን መፍጠራቸውን በአሊዛሪን ቀይ (ካልሲየምን የሚያቀላ ቀለም) ልታይ ከሆነ፣ ሃይድሮክሲአፓታይቱ ራሱ ካልሲየም ስላለው ሴል ባይኖርም ስካፎልዱ ቀይ ይሆናል። ሴል ያልተዘራበት ስካፎልድ እኩል ቀን እዚያው ሚዲየም ውስጥ አቆይተህ አብረህ ቀባው፣ ንባቡንም ሴል ካለበት ንባብ ላይ ቀንስ። ያለዚያ ቀለሙ የሴሎቹ ሥራ ይሁን የዱቄቱ መለየት አይቻልም።