«ተማሪ የመምህሩ መስታወት ነው» ላለን አሰልጣኝ

ጠመኔ ዘማርቆስ፦ ቅዳሜ ስልጠና ብለው ጠርተውን አንዱ የስነ ልቦናውን ሊቅ ባንዱራ ባንዱራ ሲል አርፍዶ መጨረሻ ላይ «ተማሪ የመምህሩ መስታወት ነው፣ ክፍሉ ከረበሸ ራሳችሁን እዩ» ብሎን እርፍ። 78 ልጅ አንድ ክፍል አጭቀው፣ ለሶስት አንድ መጽሐፍ ሰጥተው ጥፋቱ የኔ መልክ ሆነ! አበሉም የለ።

የዳንግላዋ፦ ምኑ ያናድዳል? አርፍዶ እየገባ ያረፈደ ልጅ የሚያንበረክክ መምህር ሞልቶ የለ እንዴ። ባንዱራ በፈረንጆች 1961 ስታንፎርድ ላይ 72 ህጻናት ይዞ ያየው እኮ ይሄንኑ ነው፣ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩት እነሱም ተነስተው ወቀጡት።

ጠመኔ ዘማርቆስ፦ መስታወትማ ግራሽን ቀኝ አድርጎ ነው የሚያሳይሽ እህቴ

ቡሬ 12፦ የባንዱራን የ1965ቱን ሙከራ ለምን ዘለላችሁት? ፊልሙ ላይ ደብዳቢው ሲቀጣ ያዩ ልጆች ብዙም አልደገሙትም፣ በኋላ ግን ያያችሁትን ብታሳዩን ሽልማት አለ ሲባሉ አሳምረው ሰሩት። ይዘውት ነበር ማለት ነው። መስታወት ይዞ ይቆያል? ልጅ ማን ተሸለመ ማን ተቀጣ ብሎ አይቶ ነው የሚያወጣው። እኛ ጋ በአንድ ለአምስት ቡድን መሪው ይሰራል፣ ሌላው ይገለብጣል፣ ማርኩ እኩል፤ እና ልጁ ምን አየ?

የዳንግላዋ፦ አንተም መስታወቱን ያዝካት ሃሃሃ። ሰውየው በምሳሌ ነው የተናገረው።

ዋሸሬው፦ የፈረንጅ አሻንጉሊት ስትቆጥሩ የራሳችንን ረሳችሁት። የኔታ ቅኔ ሲነግሩ እየሰማህ መንገዱን ትይዛለህ፣ ከዚያ ጉባኤ ቃናህን፣ ባለሁለት ቤቷን ቅኔ፣ ራስህ ደርሰህ ታቀርባለህ። የሳቸውን ቃል በቃል ብትደግም ጓደኛ ይስቅብሃል። መስታወት ቢሆን ኖሮ ማን ባለቅኔ ይወጣው ነበር?

ጠመኔ ዘማርቆስ፦ ተባረክ!

የጎንጅ ልጅ፦ የቅኔ ቤት ዋሸራ ብቻ ነው እንዴ ያለው? ጎንጅስ?

ዋሸሬው፦ ብቻ አልኩ? ስሜን ነው የጻፍኩት

የጎንጅ ልጅ፦ ሁሌም እንዲህ ናችሁ

የዳንግላዋ፦ አርጩሜዋንስ ለምን ዘለልካት? እሷን እያየ ያደገ ነው ዛሬ በፕላስቲክ ቱቦ የሚገርፈው።

ዋሸሬው፦ በአርጩሜ ነው ሰው የሆንነው

ቡሬ 12፦ በሉ፣ ይሄው መስታወት

ጠመኔ ዘማርቆስ፦ ያ አሰልጣኝ አንድ ቀን 9ኛ ሲ ይግባና የሱን መስታወት እንየው እስኪ።

የዳንግላዋ፦ ጸጥ ቢሉለትስ?

ጠመኔ ዘማርቆስ፦ እንግዳ ስለሆነ ነዋ! ሱፐርቫይዘር ኋላ ሲቀመጥም መላእክት ነው የሚመስሉ።

የዳንግላዋ፦ ሱፐርቫይዘር የመጣ ቀን ኮት ደርበህ ሌሰን ፕላን ይዘህ የምትገባውስ ማነህ? ከማን ያዩት መሰለህ

ጠመኔ ዘማርቆስ፦ ኮት የለኝም

የጎንጅ ልጅ፦ ዋሸሬው የት ገባህ፣ ጥያቄዬን አልመለስክም